ሮም ውሃ መጠጫ ናት

«ልጅ ናት፣ አይገባትም» ያላለኝ ሰው በዚያ ዓመት አልነበረም። ጉዳይ አስፈጻሚው ብሎኛል፣ ጎረቤት ብሎኛል፣ ሻይ ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ሳይቀር ብሎኛል። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው። ልጅቷ ግን ሁሉም ነገር ይገባት ነበር። ግራ የተጋባችው ማንም ባልነገራት ነገር ብቻ ነው።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። እናትና አባቷን ገና በጨቅላነቷ አጥታ ደብረ ብርሃን ከአያቷ ጋር አደገች። አክስቴ ጉልበቷ እየደከመ፣ ዓይኗም እየፈዘዘ ሲሄድ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምንኖረው እኔና ባለቤቴ እናሳድጋት ብለን ተማከርን። የዘመድ ልጅ ማሳደግ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ ነው በአጎቱ፣ በክርስትና እናቱ ቤት አድጎ ለወግ ለማዕረግ የበቃው! ባሕር ሲሻገር ግን ነገሩ ሁሉ ወረቀት ይሆናል። አሻራ፣ የቤት ጥናት፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የጤና ምርመራ፣ የሟቾቹ የሞት ማስረጃ። በዚያ ላይ የአሜሪካ ሕግ ልጅቷ ወላጅ አልባ ስለመሆኗ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ 2010 የበጀት ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደው ነበር። ከዚህም ከዚያም መጥፎ ወሬ ይሰማል፤ ወላጅ እያላቸው የለም ተብሎ ስለሄዱ ልጆች፣ ልጄ ተምሮ ይመለሳል ብላ ስለፈረመች እናት። መጋቢት ላይ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን ፋይሎች ወደ 5 ሊያወርድ ነው ተባለ። አዲስ አበባ ያረፍኩበት ቤት ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ፈረንጆች እንባቸው መጣ። እኔም ሆዴ ተላወሰ፤ ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ባለቤቴ ሥራውን ትቶ መምጣት አልቻለም፣ ውክልናው ብቻ ነው በእጄ ያለው። ቢሆንም ማጣራቱን አልጠላሁትም። ያቺ የፈረመች እናት በእኔ አክስት ቦታ ብትሆንስ?

ልደታ ፍርድ ቤት የቀረብን ዕለት አክስቴ የክት ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ዳኛው በትሕትና፣ «እናቴ፣ ልጅቷን በጉዲፈቻ ለመስጠት ፈቅደዋል? በኋላ ሐሳቤን ለወጥኩ ማለት እንደማይቻልስ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋት። አክስቴ ቀና ብላ፣ «ጌታዬ፣ እኔ አደራ ነው ያልኩት። እሷ ታሳድጋት እንጂ፣ ልጄስ ልጄ ናት» አለች። ትንፋሼ ቆመ፤ በዚህ አነጋገር ፋይሉ የሚዘጋ መሰለኝ። ዳኛው ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅን ከተወለደችበት ቤተሰብ እንደማይነጥላት ረጋ ብለው አስረዷት። እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 183 ላይ ተጽፏል። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ሕጉን ግን ከብዙ የተማረ ሰው በተሻለ ታውቀው ነበር።

ለጉዞው ልጅቷን ያዘጋጀቻት እሷው፣ ልጅቷ «እማማ» የምትላት አያቷ፣ ናት። ሌሊት በአውሮፕላን ትሄጃለሽ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቤታችሁ ነው፣ አጎትሽ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል አለቻት። አሜሪካ ብርድ ነው ብላም በሹራብ ላይ ሹራብ ደረበችላት። ልጅቷ ቃል በቃል ያዘችው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ መንገደኛና ጭነቱንም ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ሮም ላይ ወርደን ነዳጅ እንቀዳ ነበር። እኛ ከመቀመጫችን አንነሳም፤ መብራቱ ይበራል፣ ጥቂት ሰው ይወርዳል፣ ጽዳት ይገባል። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ጎማው መሬት ሲነካ ልጄ ብድግ አለች። ጫማዋን ግራና ቀኙን አዟዙራ አደረገች፣ የእማማን ፌስታል አቀፈች፣ መተላለፊያው መሃል ቆማ «ደረስን! ተነሽ እንጂ እትዬ!» አለችኝ። አልደረስንም ብላት አታምንም። አውሮፕላኑ አርፏል፤ እማማ ደግሞ አትዋሽም። አስተናጋጇ መጥታ አባበለቻት፤ ምንም። በሩ ሲዘጋ ስታይ ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች። አጎቷ ውጭ ቆሞ እኛ ጥለነው የምንሄድ መስሏታል። የሚያስለቅሳት እንቢተኝነት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ለማታውቀው ሰው አዝና ነበር የምታለቅሰው።

ከኋላችን ቨርጂኒያ ያሉ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ጎንበስ አሉ። «ነይ እስቲ የኔ እመቤት። ሩቅ አገር ሲኬድ በቅሎዋ ወንዝ ዳር ቆማ ውሃ አትጠጣም? ይሄም ውሃ ሊጠጣ ነው የቆመው። አገሩማ ገና ነው።» ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አሰበችበት። ከዚያ ተቀመጠች። ጫማዋን ግን አላወለቀችም።

እዚያው አውሮፕላን ላይ፣ ከፊታችን፣ ፈረንጅ ባልና ሚስት አንድ አራት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ ይዘው ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አባትየው በላቲን ፊደል የአማርኛ ቃላት የጻፈበት ማስታወሻ ደብተር ከእጁ አይለይም። ልጁ «ሽንቴ መጣ፣ ሽንቴ መጣ» ይላል። እነሱ ብስኩት ይሰጡታል። እንደገና ይላል፤ ውሃ ይሰጡታል። ተነስቼ ነገርኳቸውና እናትየው አቅፋው ሮጠች። ስትመለስ እጄን ያዘችኝ፤ አልቅሳ ነበር። ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ስንደርስ በየመንገዳችን ሄድን። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ስንት ነገር ብሎ ስንቱ በብስኩት ተመልሶለት ይሆን? ያን ዓመት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ በደል ሞተች፤ ሰዎቹም በፈረንጆቹ 2013 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ሲከለክል፣ ብዙ ሰው ያነሳው የእሷን ጉዳይ ነው። እኔ ፊት ደግሞ ደብተር የያዘው አባት ድቅን አለ። ክልከላው የገባኝም ያሳዘነኝም ለዚህ ነው።

ከጉዞው በፊት የአሜሪካ ኤምባሲ የሰጠን የታሸገ ትልቅ ፖስታ ነበር። ከፈታችሁት ዋጋ የለውም፣ መግቢያው ላይ ለመኮንኑ ብቻ ስጡ ተብለናል። ሌሊቱን ሙሉ ጉያዬ ውስጥ ይዤው፣ አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ የልጄ የማንጎ ጭማቂ ተገለበጠበት። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት፣ በአየር ማራገቢያው አደረቅኩት፣ ስንት ጊዜ እመብርሃንን እንደጠራሁ እሷ ትወቀው። ማሸጊያው አልተነካም፤ ጥጉ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ዳለስ ላይ ከወረፋው አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል አስገቡን። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥን ልጄ ጠየቀችኝ፦ «ይሄም ውሃ መጠጫ ነው?» አዎ አልኳት። መኮንኑ ፖስታውን ከፈተ፣ ቢጫውን ጥግ አየ፣ ልጄን አየ፣ ፓስፖርቷ ላይ ማኅተሙን መታ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሻንጣ መውሰጃው ጋ ግን ሰደርያ የለበሰች ትንሽ ውሻ መጣችና የእማማን ፌስታል አሽትታ ከፊቱ ቁጭ አለች። ልጄ ዘላ ጀርባዬ ላይ ወጣች። ሠራተኛው ፌስታሉን ፈተሸ። ዳቦ ቆሎው መሃል፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ ቋንጣ አለ። አክስቴ ለእኔም ለልጅቷም ሳትነግር ነው የቋጠረችው። የከብት በሽታ እንዳይገባ ሥጋ ክልክል ነው፤ ሰውዬው በደንብ አስረድቶ ወደ ማስወገጃው ወረወረው። ልጄ ከቦሌ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀሰችም። «የእማማ ነው! የእማማ ነው!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። በክረምት፣ ዝንብ እየተከላከለች፣ ጭስ ላይ ሰቅላ ያደረቀችው ነው። ዳቦ ቆሎውን መለሰልንና ይዘነው ወጣን።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደተባለው። ልጄ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ሮም ነበርክ?» አለችው።

ባለቤቴ ከፍርዱ በፊት በአካል ስላላያት ቪዛዋ ጉዲፈቻው እዚህም እንዲጸድቅ የሚጠይቅ ዓይነት ነበር፤ በኋላ ቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ቀረብን። በወጣልን አዲስ የልደት ወረቀት ላይ እናትና አባት ተብለን የተጻፍነው እኛ ነን። የወለዷት የሉበትም። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑን ወረቀት፣ የሁለቱን ስም የያዘውን፣ ከአዲሱ ጋር በአንድ ማኅደር አደረግኩት። ቁም ሣጥን ላይ አይደለም፤ እሷ በምትደርስበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ለአክስቴ ይህንን ስነግራት፣ «ታዲያ ወዴት ልታደርጊው ኖሯል?» አለችኝ።

በገባንበት ማታ ስልክ ደወልን። ነሐሴ ነው፣ የቨርጂኒያ ወበቅ አያስተነፍስም፣ ልጄ በመጨረሻ አንደኛውን ሹራብ ለማውለቅ ፈቅዳለች። አያቷን ሰላም እንኳ አላለቻትም። «እማማ፣ ብርድ የለም! አውሮፕላኑም ሲያርፍ ቤት አይደለም፣ ሮም ነው! ቋንጣውንም ውሻ አስወሰደብን!» ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ። ከዚያ አክስቴ፣ «ሹራቡን እንዳትጥዪው፣ ብርዱ ይመጣል» አለችና፣ ቀጥላ እኔን ጠራችኝ፤ ሽሮ ውስጥ ቢቀበር ውሻዋ ታገኘው እንደሆነ ልትጠይቀኝ።