ቤት ጎትቶ ወደ ከሚሴ

ካራቫን የራሱ ሞተር የሌለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሣጥን፣ መስኮትና መጋረጃ አለው፤ መሠረት ግን የለውም። የገዛው ሰው ባለቤት ነኝ እንዳይል ካርታ የለውም፤ ባለመኪና ነኝ እንዳይል ቤቱ ብቻውን ንቅንቅ አይልም። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ካራቫን የሚያየው በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። መሐንዲሱ ያድርበታል፣ ሒሳብ ሹሙ ደመወዝ ይከፍልበታል፣ ሥራው ወደፊት ሲገፋ እሱም ተጎትቶ ይከተላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከባዶ በርሜልና ከተበላ ጎማ ጋር በጨረታ ይወጣል፤ ካልተሸጠም ግቢ ጥግ ቆሞ ዶሮ ያሳድራል። አሮጌ ካራቫን ገዝቶ፣ አድሶ፣ ሽርሽር መሄድ የሚባለው የፈረንጅ አመል እዚህ ሲደርስ መነሻው ይኸው የዶሮ ማደሪያ ነው።

ፈረንጆቹ ራሳቸው አመላቸውን እኛው አገር ድረስ አምጥተው ሞክረውታል። ኤርስትሪም የተባለውን፣ አሉሚኒየም ለብሶ የሚያብረቀርቀውን ካራቫን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 41 ካራቫኖች አሰልፎ ከኬፕ ታውን ተነሳ፤ መድረሻው ካይሮ ነበር። ሰልፉ በኬንያ በኩል ኢትዮጵያ ገባ፤ አዲስ አበባ ላይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዶቹን ተቀበሏቸው። ባያም የሚያድርበት ካራቫን ወርቅማ ቀለም ነበረው። ስለ ጉዞው በተወራ ቁጥር የሚነሳው ግን ወርቁም አይደለም፣ የወጥ ቤቱ ምቾትም አይደለም፤ የተሰበረው አክስል፣ የፈነዳው ጎማና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረው ነው። የአፍሪካ መንገድ ካራቫንን የሚመረምረው ከታች ወደ ላይ ነው። ገዥ ደግሞ፣ አሜሪካም ይሁን ሳሪስ፣ ሁልጊዜ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከመጋረጃው።

ግዢው ላይ ደላላ አለ። ደላላ ባለበት ደግሞ ዕቃው ሁሉ «ቀለም ብቻ ነው የቀረው»።

«ጋሼ፣ ይሄን ካራቫን ፈረንጅ ነው የያዘው። ቀለም አስነክተው ገብተው መተኛት ነው።»

እውነት ነው፣ ፈረንጅ ይዞት ነበር። ከፈረንጁ በኋላ ግን ዝናብ ይዞታል። የካራቫን የመጀመሪያ ጠላት ከጣሪያና ከመስኮት ጠርዝ የሚሰርገው ውሃ ነው። ከውጭ ላሜራው ደህና መስሎ ይታያል፤ በውስጡ ያለው የእንጨት አጽም ግን ጠጥቶ ጠጥቶ በስብሷል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዥ በሩ ሲከፈት ዓይኑን ትቶ በአፍንጫው ይጀምራል፤ የሻገተ ከሸተተው ዋጋው እዚያው ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ በመስኮቶቹ ሥርና በማዕዘኖቹ ኮምፔርሳቶውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጣቱ ከሰመጠ እንጨት የለም፤ ያለው የእንጨት ትዝታ ነው። ምስጥ ከገባበት ትዝታውም አይገኝም።

ጎማው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ይጻፋል፤ የፊተኞቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። 2314 የሚል ጎማ በፈረንጆች 2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ይህ በእኛ 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ደላላው ግን ቁጥሩን በአገር ቤት አቆጣጠር ያነበዋል፤ «የ14 ጎማ እኮ ነው!» ይላል፤ ጎማውም ባንድ አፍታ ከ7 ዓመት በላይ ወጣት ይሆናል። ካራቫን ብዙ ስለማይሄድ ጥርሱ አያልቅም፣ ጎማው እንደ አዲስ ይመስላል። በፀሐይ የደረቀ ጎማ ግን ጥርስ ኖረውም አልኖረው ሲሞቅና ሲጫን ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ሊብሬ ይጠየቃል። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳና የራሱ ሊብሬ ያስፈልገዋል፤ «ሊብሬው ይደርሳል» የሚባል ካራቫን ዶሮዎቹ ጋ ቢቀር ይሻላል። ከውጭ አስመጥቶ ልገላገል የሚል ካለም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ላረጀ መኪና ምንም ርኅራኄ እንደሌለው አስቀድሞ ይወቅ።

ዕድሳቱ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ላሜራውን ባቲላሜራ ያቃናል፣ ሻንሲውን በያጅ ይጠግናል፣ ያለቀውን የመጎተቻ ኳስ ቶርኖ ቤት ይቀርጻል፣ ጎሚስታው ቸርኬውን ያያል፣ ኩሽኔታና ባሌስትራ ከሶማሌ ተራ ይመጣል፣ ሶማሌ ተራ የጠፋው ምናለሽ ተራ ይፈለጋል። የተጻፈው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በተግባር ግን መጀመሪያ የሚገባው ፎም ነው። ቀጥሎ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ቡታጋዝ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን። በዚህ መሀል ገንዘቡ ያልቃል። ፍሬኑን በተመለከተ መካኒኩ በእግሩ ጎማውን መታ አድርጎ «ይይዛል» ይላል። ምን ይይዛል፣ የት ላይ ይይዛል፣ እስከ መቼ ይይዛል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምንጣፉ ላይ በጫማ ስለማይገባ ሁሉም በካልሲ ቆሞ ጣሪያውን እያደነቀ ነው።

ዕድሳቱ አለቀ ሲባል ጉዞ ይጀመራል፤ መድረሻው ከሚሴ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የደሴን መንገድ ይዞ ነው የሚኬደው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ካራቫኑን አያስቸግረውም፤ የሚያስቸግረው ሾፌሩን ነው። ከባዱ ዕቃ ሁሉ፣ አልጋና ፍሪጅ፣ ከኋላ ከተደረደረ የመጎተቻው ጫፍ ይቀልና ካራቫኑ ግራ ቀኝ መወዝወዝ ይጀምራል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ገና ሸኖ ሳይደረስ ፍሪጁ ከኋላ ወደ ፊት ይሰደዳል፤ ረዳቱም በካልሲ መግባት የሚባለውን ሕግ ያን ጊዜ ይሽራል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ስለሚያስገድድ የከተማዋ ስም የወጣበት ብርድ ልብስ ይገዛል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቆላ ወርዶ ብርድ ልብሱን የሚያይ ሰው በገዥው ጤንነት ይጠራጠራል።

ከዚያ ጣርማ በር ይመጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ሥፍራ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዋሻው የወጣ መኪና ብዙ ጊዜ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ ይታያል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ብዙ ተሳቢ ሲያልፍ ስላዩ ለካራቫን ቀና አይሉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። 1000 ኪሎ የሚመዝን ካራቫን ይህን ከፍታ ወርዶ እስኪጨርስ ፍሬኑ፣ ሞተሩና ነፋሱ ተካፍለው ሊያጠፉት የሚገባው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 50 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። የሊትር ጀበና ቢቀርብ 50 ጀበና ቡና መሆኑ ነው፤ ጎታቹ መኪና የሚያፈላው ሳይቆጠር። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ካልያዘ ይህ ሁሉ ቡና የሚፈላው ፍሬኑ ላይ ነው። የካራቫን ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በግፊት ነው፤ ጎታቹ ፍጥነት ሲቀንስ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋዋል፣ በዚያው ግፊት የገዛ ፍሬኑን ይይዛል። ብልሃቱ የሚያምረው ሜዳ ላይ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግፊቱ ስለማያቆም ፍሬኑም እንደተያዘ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ደብረ ሲና ላይ ሁሉም መንገደኛ ለቆሎ ይቆማል። ባለካራቫኑ ለጭስ ይቆማል። ቆሎ ሻጮቹ ልጆች ጎማውን አይተው «ጋሼ፣ ቤትህ እየተቃጠለ ነው፤ ቆሎ ግዛ» ይላሉ። ምክር አይደለም፣ ግን ከመካኒኩ ይልቅ እውነቱን የተናገሩት እነሱ ናቸው። ተቀምጦ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ስለሆነ ቆሎውም ይገዛል። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ መድፋት የብዙ ረዳት የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ ውሃውን ሰው ቢጠጣው ይሻላል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ያለው ቆላ ነው። ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ ይታለፋሉ። እሑድ ከሆነ ሰንበቴ ላይ ማለፍ የሚባል ነገር የለም፤ ገበያው ነው የሚያሳልፈው። ፍየል፣ ማሽላ፣ ጫትና ሰው መንገዱን ሞልቶ ካራቫኑ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል። ሾፌሩ ያማርራል እንጂ ለፍሬኑ እንዲህ ያለ ዕረፍት አይገኝም።

ከሚሴ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጨፋ ሜዳና የቦርከና ውሃ ቅርቧ ነው፤ በበጋ ከብትና ግመል ወደዚያ ሣር ይወርዳል። ከተማዋ ለተሳቢ እንግዳ አይደለችም። አሰብ የአገሪቱ ዋና ወደብ በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ብዙ ጭነት በዚህ መንገድ ይጎርፍ ነበር። መሪው በቀኝ የሆነው ፊያት ኤንትሬ ተሳቢውን አስከትሎ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ በዳገቱ በጎኑ እየሮጠ፣ ስንቱን ዘመን ተመላለሰበት። ስለዚህ እዚህ ካራቫን ይዞ የገባ ሰው በየቡናው የተቀመጡ ዳኞች ይጠብቁታል። ችሎቱ የሚጀመረው ወደ ኋላ ሲገባ ነው።

ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት የተገላቢጦሽ ሥራ ነው፤ ቂጡ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዞራል። ለማዳ ሾፌርም ያለ ረዳት አይደፍረውም። ከሚሴ ላይ ግን ረዳት አንድ አይሆንም፤ መንደሩ በሙሉ ነው። ግማሹ «ግራ! ግራ!» ይላል፣ ግማሹ በኦሮምኛ «ሚርጋ! ሚርጋ!» ይላል፤ ቀኝ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ስለ ካራቫኑ ቂጥ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ መሪው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሾፌሩ ሁለቱንም ለመታዘዝ ሲሞክር ካራቫኑ መኪናው ላይ ታጥፎ መንገዱን ይዘጋል። ያን ጊዜ አንድ የአሰብ መስመር ጡረተኛ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ በእጁ ዝም እንዲሉ ያዛል፤ በሁለት የእጅ ምልክትም ያስገባዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። መጋረጃውን ቀና ብሎም አያይም።

«ልጄ፣ ይሄን ይዘህ ነው ጣርማ በርን የወረድክ?»

«አዎ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ በል። ፍሬንህ አልቋል። ለመሆኑ ቤት ጎትተህ የመጣህ፣ ቦታ የሚሰጥህ አጥተህ ነው?»

«የለም፣ ለመዝናኛ ነው።»

«ሰው የሚዝናና እኮ ከቤቱ ሲወጣ ነው፤ ቤቱን ተሸክሞ የሚዝናና ኤሊ ብቻ ነው ወላሂ።»

ከዚህ በኋላ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የፍሬን ሸራ የሚገጥም ሰው ይጠራል። ዕድሳቱ ከታች የሚጀመረው ገና ይኼኔ ነው።

የቀረው ሙቀቱ ነው። የቆላ ፀሐይ ያረፈበት የላሜራ ሣጥን እኩለ ቀን ላይ ሰው አያስገባም፤ ያ ሁሉ መጋረጃ ተሰብስቦ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ከካራቫኑ ጥላ ሥር ውጭ ይቀመጣል። ዕድሳቱ ሲታሰብ ከጣሪያው በታች ሙቀት የሚከላከል ስፖንጅ፣ ከጣሪያው ላይ የአየር መውጫ፣ ከጎኑ የሸራ ዳስ ቢደረግ ከቴሌቪዥኑ የበለጠ ይጠቅም ነበር። ዳሱ ከተዘረጋ ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል፤ መንገደኛው ቆም ብሎ «ሻይ አለ?» ይላል። አለ ያለ ባለቤት ወጪውን መመለስ ይጀምራል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፤ ገበያው ሩቅ አይደለም።

ወደ ባቲ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣና ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለቱ የጣርማ በርን ያህል ባይሆንም ፍሬን ያስፈትሻል፤ ስለዚህ የፍሬን ሸራው ከሚሴ ላይ ተቀይሮ ይነሳ። ደግሞም እሑድ ከመምሸቱ በፊት ባቲ ይድረስ፤ ሰኞ ጧት ግመሎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ካራቫንን ወደ ኋላ ማስገባት የማይታሰብ ነው።