ጊችን ያንቀሳቀሰው ሶፍትዌር

ደባርቅ ያለ ቀያሽ ከአውቶካድ ወደ ኪውጂአይኤስ ቢዞር አይፈረድበትም፤ ነፃ ነው። ብቻ አሮጌውን ካርታ ሲከፍት ዳተሙን (የካርታውን የልኬት መነሻ) ከአዲንዳን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 መቀየር ከረሳ፣ ማሳው ሁሉ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ስሜን ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ገብሱ ገደል ላይ ይንጠለጠላል፤ ጭላዳው ባለይዞታ ይሆናል (ለይዞታ ደብተሩ ፎቶ ማስነሣቱ ነው የሚቸግረው)። በገመድ ሲለካ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም፤ ገመድ ቢበዛ ይረግባል እንጂ ዳተም አያውቅም።

ሶፍትዌሩን ግን ብቻውን አንውቀሰው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የጊች መንደር አባወራ ከስሜን ተራሮች ፓርክ ተነሥቶ ደባርቅ ዳር ሲሰፍር ማን ምን ሶፍትዌር ጫነ? በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገቡ ፋቀው። የቀያሹ ስሕተት እንኳ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል።