የአቶ አሥር በመቶ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ድረስ በዚህ የአዳማ ፀሐይ የመጣችሁ ለቅሶ ደራሾች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የእድሩ ዳኛ አዘውኛል።

አቶ አሥር በመቶ፣ በሙሉ ስማቸው «ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው አሥር በመቶውን ብቻ ነው»፣ የተወለዱት አሜሪካ ነው። የሥነ ልቦናው ሊቅ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1907 ሰው ካለው አቅም የሚሠራበት ጥቂቱን ነው ብሎ ጻፈ፤ ቁጥር ግን አልጠራም። በ1936 ሎዌል ቶማስ ለዴል ካርኔጊ መጽሐፍ መቅድም ሲጽፍ በጄምስ ስም «አሥር በመቶ» አለ። ክርስትና ያነሳቸው እንግዲህ እሱ ነው።

ሟች ለጋስ ነበሩ። እዚህ ፍራንኮ ሰፈር ማኪያቶ ይዞ ለሚውል ሁሉ ዘጠና በመቶ ያልታረሰ መሬት ጭንቅላቱ ውስጥ አድለዋል። ልጇ ፈተና የወደቀባት እናት «ጭንቅላትማ አለው፣ አልሠራበትም እንጂ» ብላ ተጽናንታባቸዋለች። የስኬት አሠልጣኞች በስማቸው አዳራሽ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሉክ ቤሶን «ሉሲ» የሚል ፊልም ሲሠራላቸው የእኛዋን ድንቅነሽን ሳይቀር ተዋናይ አደረጓት። ነገሩ ግን አላማረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1974 በዚሁ በስምጥ ሸለቋችን ሰሜናዊ ክፍል፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ አንጎሏ የእኛ ሲሶ ገደማ ነበር። የሟች ቃል እውነት ከሆነ፣ በአሥር በመቶ የምንኖር እኛ ከእሷ አንሰናል።

የሞታቸው መንስኤ ብዙ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከጉልበቱ 20 በመቶ ገደማውን ይበላል። አምሳ አባላት ባሉት እድር አንዱ ብቻውን የንፍሮውን አምስተኛ እጅ ሲዝቅ አስቡት! ዘጠና እጁ ሥራ ፈት ቢሆን ማን ይቀልበው ነበር? ስትሮክ የመታው ሰው ዘመድም ይመስክር፤ ትንሽ ቦታ ስትጎዳ እጅ ወይም አንደበት ይያዛል። አንጎል ሲሠራ የሚያሳዩት መሣሪያዎችም ጭር ያለ ሰፈር አላገኙም፤ ተኝተን እንኳ ይሠራል። እርግጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል አይነሣም። ከከተማችን ወጣ ብለው የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች ያየ ይገባዋል፤ የቆመው ሁሉ የተበላሸ አይደለም። የአንጎል ሴሎች ሁሉ በአንዴ እንተኩስ ካሉማ የሚጥል በሽታ ነው።

ሟች የተዉልን ሐዘን ከባድ ነው። እስከ ዛሬ ስንሳሳት የምናሳብብበት ዘጠና በመቶ ነበረን። ለካስ ሳናነብ የፈረምነው፣ ለማይመልስ ያበደርነው፣ በአጥር የተነሣ ከጎረቤት የተኮራረፍነው ሁሉ በሙሉ አንጎላችን ኖሯል! ደረት የሚያስመታን ይኼ ነው።

ለእሳቸው ነፍስ ይማር፣ ለእኛ ጽናቱን ይስጠን። ንፍሮው እየዞረ ነው፤ ስትዘግኑ አምስተኛው እጅ የማን እንደሆነ አትርሱ።