ባዶ ዕቃ አይመለስም፦ በወላይታ ሶዶ የማዳበሪያ ዝውውር ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ጥናት

አሬካ ላይ የእንሰት ዝርያዎች የሚጠኑበት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እንሰት የትኛው አፈር እንደሚስማማው፣ በምን እንደሚታመም፣ የትኛው ዝርያ ጥሩ ቆጮ እንደሚወጣው ባለሙያዎች ዓመታት ደክመውበታል። ያንን ቆጮ ይዞ ሶዶ የገባው ማዳበሪያ፣ ቆጮው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ግን ባለቤት ያጣ የምርምር መስክ ነው። ይህ ጽሑፍ ለመስኩ የመሠረት ድንጋይ ያኖራል።

ናሙናው አንድ ባልና ሚስት ነው። ማነሱ የሚያሳስበው አንባቢ ካለ፣ የተከራዩት ክፍል ከዚያ በላይ ናሙና እንደማትችል ሄዶ ማየት ይችላል። ባል መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሚስት መምህርት ናት። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈቀዱም፤ ዘመዶቻቸው ማንበብ ይችላሉና። የሚስት እናት ከሶዶ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቦዲቲ አካባቢ ናቸው። የባል እናት በደቡብ፣ በአርባ ምንጭ መንገድ፣ ሁምቦ ቆላ። ባለትዳሮቹ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ በሁለቱ እናቶች መካከል ሰፍረዋል። ይህ አቀማመጥ ለጥናቱ እጅግ ምቹ ነው። ለእነሱ መመቸቱ የጥናቱ ዓላማ አይደለም።

ክስተቱ ሁልጊዜ በስልክ ይጀምራል፤ ገና ሳይነጋ። «ልኬላችኋለሁ፤ የሹፌሩን ስልክ ያዝ» ይባላል። ምን እንደተላከ አይነገርም። ከተጠየቀ መልሱ «ምን አላት፣ ትንሽ ነገር ናት» ነው። ትንሿ ነገር መናኸሪያ ስትደርስ የቅጥቅጡ ረዳትና አንድ ተሸካሚ ተጋግዘው ያወርዷታል፤ ባጃጁም እንደ አንድ ተሳፋሪ ያስከፍላታል። ከቦዲቲ ከሆነ ውስጧ ቆጮ፣ ቦይና፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ዳጣ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይገኛል። ከሁምቦ ከሆነ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ማንጎ። ማንጎው ሁልጊዜ ከታች ነው። ለምን ከታች እንደሚደረግ የባል እናት ተጠይቀው «እንዳይወድቅ» ብለዋል።

እዚህ ላይ ከታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ድጋፍ የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ዋዱ»፣ ሥራ ጀመረ፤ ለገበሬውም ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍል ነበር። ማዳበሪያው ስንት ኩንታል በቆሎ እንደጨመረ ብዙ ተጽፏል። ማዳበሪያው አፈር ሆኖ ከቀረ በኋላ ከረጢቱ በየቤቱ ምን ያህል ዕድሜ እንደኖረ የመዘገበ ግን የለም። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ከልማት ፕሮግራሞች ሁሉ ሳይቋረጥ የቀጠለው ከረጢቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ማዳበሪያ መምጣቱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ባዶ መሆኑ ነው። ባዶ ማዳበሪያ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ስለዚህ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ይሞላል። በስኳር፣ በሳሙና፣ በዘይት፣ በፓስታ። የተሞላ ማዳበሪያ የተቀበለች እናት ደግሞ በተራዋ ባዶ ማዳበሪያ እጇ ላይ ይቀራል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው የስጦታ ጥናቱ ሦስት ግዴታዎችን ለይቷል፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። የማኦሪ ሕዝብ በስጦታው ውስጥ ያለ መንፈስ ወደ ባለቤቱ መመለስ ይሻል ብሎ እንደሚያምንም ጽፏል። ሞስ ይህን ሁሉ ያጠናቀረው ፓሪስ ተቀምጦ ከመጻሕፍት ነው። አንድ ጊዜ ሶዶ መናኸሪያ ቆሞ ቢሆን ኖሮ መንፈስ ባላስፈለገው፤ እዚህ ሥራውን የሚሠራው «ያቺ ማዳበሪያ እዚያው ነች እንዴ?» የሚል ስልክ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተመኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ የለቀቀው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። በቦይናና በስኳር መካከል ያለው ምንዛሪ ግን ለገበያ ተለቅቆ አያውቅም። የሚወስኑት እናቶች ናቸው፤ ውሳኔውም የሚታወቀው ከድምፃቸው ብቻ ነው። «ደረሰ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ሚዛኑ ደህና ነው ማለት ነው። «ለምን ተቸገራችሁ!» ማለት አልፋችኋል ማለት ነው፤ በሳምንቱ እጥፍ ይመጣል። «ደርሷል» ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ሽማግሌ ሊያስፈልገው ይችላል።

ባል በአንድ ወቅት ዘመናዊ መፍትሔ ሞክሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ሁምቦ ለመድረስ ቅጥቅጥ አይጠብቅም። ስለዚህ የስኳሩንና የዘይቱን ዋጋ ደምሮ፣ የመጫኛውንም ጨምሮ ለእናቱ ላከ። እናቱ በዚያው ዕለት ደወሉ።

«ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ስኳር ግዢበት ብዬ ነው።»

«ስኳርማ እዚህም ሱቅ አለ። ማዳበሪያዬስ?»

ጥናቱ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ዕቃ የለውም፤ ዕቃ የሌለው ነገር ደግሞ መልስ ሊሆን አይችልም። ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ጊቢው ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ዝውውር አለ። ቦይናው ለሁለት ሰው ስለሚበዛ ሚስት በሰሃን በሰሃን አድርጋ ለጎረቤት ታድላለች። ሰሃኑም ባዶውን አይመለስም፤ ሽሮ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም የአከራይዋ አቮካዶ ይዞ ይመጣል። ወር ሲያልቅና ደመወዝ ሲርቅ ይህ ገቢ በቀጥታ ወደ ማዳበሪያው ይገባል። በመሆኑም የአከራይዋ አቮካዶ ሁምቦ ድረስ ሄዷል፤ አከራይዋ ይህን አያውቁም። ክዳኖችን በተመለከተ ጥናቱ አልደፈረም። የክዳን ሕግ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሚስት እጅ ላይ ግን ከየትኛውም ዕቃ ጋር የማይገጥሙ ክዳኖች እየበዙ ነው።

ወሳኙ ማስረጃ የተገኘው ባለፈው ጊፋታ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ አካባቢ በዕለተ እሑድ ይውላል። በሬው የወንዶች ጣጣ ነው፤ ለእሱ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ቅቤው የሴቶች ነው፤ ተራ እየገቡ ይቆጥቡታል። በነሐሴ ማለቂያ የቦዲቲዋ እናት ለበዓሉ ብለው ምርጥ ቅቤ ለልጃቸው ላኩ፤ ኮባውን ሲያስሩ ጫፉን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ማጠፍ ልማዳቸው ነው። በዚያው ሳምንት የሁምቦዋ እናት የማንጎ ማዳበሪያ መልስ ሳያገኝ ቀናት አልፈውት ነበር። ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም። ባልና ሚስት ተያዩ። ቅቤው ሁምቦ ሄደ።

የሁምቦዋ እናት ቅቤውን አይተው ለብቻ መብላት ነውር መሰላቸው። በጊፋታ ሰሞን ልጅና ምራታቸውን አስከትለው ቦዲቲ አማቻቸው ቤት ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ፤ ባዶ እጅ አይኬድም። የቦዲቲዋ እናት ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ፈቱ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጥቂት ዝም አሉ፤ ቀጥለው በሰው ሁሉ ፊት «እንዴት ያለ ቅቤ ነው! እኛ አገር እንዲህ ያለ አይገኝም» አሉ። የሁምቦዋ እናት «የእኛ ሣር ነው ምስጢሩ» ብለው መለሱ። ባልና ሚስት ከገበታው ላይ ቀና ሳይሉ በሉ።

የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ማሊኖውስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ሰዎች የዛጎል የአንገት ጌጥን በአንድ አቅጣጫ፣ የክንድ አምባርን በተቃራኒው ከደሴት ደሴት እያዞሩ እንደሚሰጣጡ ጽፏል። ጌጦቹ ክቡን ዞረው ወደ ተነሡበት ለመመለስ ዓመታት ይወስድባቸዋል። የቦዲቲው ቅቤ በሦስት ሳምንት ጨርሷል፤ ያውም በቅጥቅጥ። በተጨማሪም የትሮብሪያንዱ አምባር ሲመለስ ክትፎ ላይ አይፈስም።

ከጊፋታ ወዲህ ሚስት ወልዳለች፤ ጥናቱም ያልጠበቀው ለውጥ ገጥሞታል። ሁለቱም እናቶች ለአራስ ጥየቃ በአካል መጡ፤ ክፍሏም የናሙናውን መጠን በተመለከተ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ እውነት አደረገችው። ሲመለሱ ምን ይያዙ የሚለው ጥያቄ ሁለት ሌሊት አከራክሮ በዳቦ ተፈታ። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ማዳበሪያዎቹ ላይ በማርከር የሚጻፈው የተቀባይ ስም ተለወጠ። አሁን የሚጻፈው የሕፃኑ ስም ነው።

ባል ጉዳዩን በሚገባ መርምሮታል። ተቀባዩ ሕፃኑ ከሆነ ባለዕዳውም ሕፃኑ ነው፤ ዕድሜው ለመክፈል እስኪደርስ ድረስ ማንም ሊጠይቀው አይገባም። ሚስትም በዚህ ተስማምታለች፤ በትዳራቸው ውስጥ ሳይከራከሩ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነጥብ መሆኑን ሁለቱም ለየብቻ ገልጸዋል። አልጋው ሥር የታጠፉት ባዶ ማዳበሪያዎች በሙሉ በሕፃኑ ስም ተይዘዋል።

የሁምቦዋ አያት ሰሞኑን ደውለው ነበር። ስልኩ ሕፃኑ ጆሮ ላይ እንዲደረግላቸው ጠየቁ፤ ተደረገላቸው። «ልጄ» አሉት፣ «ያቺ ማዳበሪያ እዚያው ነች እንዴ?»