ካርቱምን ነክተህማ!

«ካርቱም ደግሞ አገር ነው? ፀሐይና አቧራ!» አለኝ የአጎቴ ልጅ።

አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ነን። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። ከሰል ላይ የተጣደው ንፍሮ ከረፋዱ ጀምሮ ይንተከተካል፤ ስንዴው ለስልሷል፣ ሽምብራው ግን እንደ ጠጠር ነው። እኔ ካርቱም ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ዴም፣ ኋላ ጅሬፍ። በአማርኛ «እንዴት አደርሽ» ሳይባል የማይነጋባቸው ሰፈሮች ነበሩ። የወጣሁት በሱዳኑ ጦርነት ነው። ያቺን ከተማ ፊቴ ላይ ለሚሰድብ ሰው ዝም አልልም። ተረብ ከጀመረ ተረብ ይቅመስ።

«አንተ መጀመሪያ ንፍሮህን አብስል!»

«ንፍሮው ምን አደረገሽ?»

«የአንተ ከተማ ውሃ ይንጫጫል እንጂ የት ይሞቃል!»

አፉን ለማዘጋት ብቻ ያልኩት አይደለም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ጠረፍ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀላል፤ መፍያውም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተሰቀለች ውሃዋ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ካርቱም 380 ሜትር ላይ ናት፤ የእሷ ውሃ 99 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚፈላው። ሰባት ዲግሪ ለሽምብራ ብዙ ነው። ከሰሉን ብታራግበው፣ እሳቱን ብታነደው፣ ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ከ92 አያልፍልህም።

«አይ! እኔስ ስንት ዓመት ከሰል ሻጩን ስረግም ኖርኩ!» አሉ አክስቴ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዳኛ ሆኑልን።

«እሺ፣ እናንተ ዘንድ ሽምብራ ይበስላል። ሰውም አብሮ ይቀቀላላ!»

«ሰው ዚር ነው፣ አይቀቀልም።»

ዚር የካርቱም ሰው የሸክላ ጋን ነው። ወደ ታች ሾጠጥ ያለ፣ ሆደ ሰፊ፣ በብረት ማስቀመጫ ላይ የሚቆም። በየአጥሩ ጥግና በየዛፉ ጥላ ሁለትም ሦስትም ይደረደራል፤ ክዳኑ ላይ ኩባያ አለ። የቤቱ ባለቤት ይሞላዋል፤ የመንገድ ሰው ሁሉ ይጠጣል፤ ስምህን የሚጠይቅህ የለም። ከውጭ 43 ዲግሪ እየነደደ ከዚያ ጋን የሚቀዳው ውሃ ጉሮሮ ያርሳል። መብራት የለው፣ በረዶ የለው። ሸክላው ውሃውን በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ እንደ ላብ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ላቡ በደረቁ ነፋስ ሲተን ሙቀቱን ከጋኑ ሆድ ነጥቆ ይሄዳል።

የእኛም ቆዳ እንደዚሁ ነው። ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢ አለን። አየሩ ከሰውነታችን ሙቀት ሲበልጥ የሚነካን አየር ራሱ ያሞቀናል እንጂ አያበርደንም፤ ያኔ ነፍስ የሚያድነን ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ከ6 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ሊትር! ቆዳ ላይ ሳይደርቅ ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ግን ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ ያበረደው ነገር የለም። ፖርት ሱዳን ወርዶ የተቀመጠ ይህን በቆዳው ያውቀዋል። የባሕሩ እርጥበት ላቡን አያደርቅለትም፤ ልብሱ ተጣብቆበት ይውላል። የካርቱም ደረቅ ነፋስ ግን ላብህን ሳታየው ይወስድልሃል። ለዚህ ነው እዚያ ያለ ሰው ሳይጠማውም መጠጣት ያለበት፤ ላቡ ስለማይታይ ያላላበ ይመስለዋል።

«በዚያ ንዳድ ላይ ደግሞ ቡና ትጠጣላችሁ አሉ። የፈላ!»

«አንተ ሰውነትህን በበረዶ ታታልላለህ፤ እኛ እውነቱን እንነግረዋለን።»

እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብስክሌት የሚነዱ ሰዎችን አንዴ ቀዝቃዛ፣ አንዴ ትኩስ ውሃ እያጠጡ ለኩ። ትኩሱን ሲጠጡ ሰውነታቸው ውስጥ የቀረው ሙቀት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ትኩስ ነገር ወደ ሆድ ሲገባ የላቡ በር የበለጠ ይከፈታል፤ በላብ የሚወጣው ሙቀት ከመጠጡ ጋር ከገባው ይበልጣል። አንድ ግዴታ ግን አለው፤ ላቡ መድረቅ መቻል አለበት። ደረቅ ነፋስ ያላት ካርቱም ለዚህ የተመቸች ናት። ሱዳኖች ማፍያውን እንደኛው «ጀበና» ነው የሚሉት። ቡናቸው ውስጥ ዝንጅብል ይጨምራሉ፤ መጀመሪያ ጉሮሮህን ይቆነጥጠዋል፣ ከዚያ ግንባርህ ያልበዋል፣ ከዚያ ያቺ የዴም ነፋስ ስትመጣ... አክስቴ ቤት ተቀምጬ እንኳ ትዝ ሲለኝ ግንባሬን ዳሰስኩ።

የአጎቴ ልጅ መልስ ሲያጣ ዘር ቆጠረ። «እኛ የደጋ ሰዎች ደማችን ወፍራም ነው። ቆላ አይስማማንም።»

«ወፍራሙ ደምህ ሳይሆን ሰበብህ ነው! የደጋ ሰው ደም ተለክቷል እኮ።»

ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ተራሮች ላይ፣ አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ሲሳሳባቸው ደማቸው ሄሞግሎቢን ይበዛበታል፤ እውነትም ይወፍራል። የአምባራስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም፣ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ዳሸን ሥር ተወልዶ፣ ውርጭ እየበላ አድጎ፣ ደሙ እንደ ምፅዋ ሰው! ሳይንቲስቶቹን ያስደነቀው ይኸው ነው።

«በርትታብሃለች ልጄ፣ ተሸነፍክ» አሉ አክስቴ። እሱ ግን እጁን አልሰጠም።

«ስሙስ? የዝሆን ኩንቢ የሚባል ከተማ!»

የስሙ አመጣጥ ያከራክራል፤ በዐረብኛ ከዝሆን ኩንቢ ጋር የሚያገናኙት ግን ብዙዎች ናቸው። በነጭና በጥቁር አባይ መሐል ሾልኮ የወጣውን የመሬት ጫፍ ላየ ሰው ነገሩ ይገባል። «ኩንቢ ስድብ መሰለህ?» አልኩት። «አንድም አጥንት ሳይኖረው፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ የጡንቻ ጥቅሎች ብቻ፣ ግንድ ያነሣል፤ መልሶ አንዲት ሣር ይለቅማል። አንተ በሙሉ አጥንትህ ሲኒህን እንኳ አታነሣም።» ሲኒውን አነሣ።

«እሺ አቧራውስ? እሱንም ተከራከሪለት!»

ለእሱማ ብቻውን ማደር እችላለሁ። ሁለት አቧራ አለ። አንደኛው ሀቡብ ነው። ደመና ሲከብድና ዝናቡ በደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብዳልና ወደ መሬት ይወረወራል፤ መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይፈሳል፣ አሸዋውን እየጠረገ። ከሩቅ ስታየው ቡናማ ግድግዳ ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር የሚቆም አለው። መስኮት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ቢኖርህ ነው። ወዲያው ቀን ይጨልማል፤ ሙቀቱም ይወርዳል፣ የሚገፋው ብርድ ነዋ! አሪዞና ውስጥ ያሉ የአሜሪካ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ዛሬ የራሳቸውን የአቧራ ማዕበል በዚሁ የሱዳን ስም «ሀቡብ» ብለው ይጠሩታል።

ሁለተኛው አቧራ የእኛ ነው።

«የምን የእኛ?»

«ዘጠኝ ዓመት የጎጃም ግድግዳ ተደግፌ ነው የኖርኩት። አንተ ጎጃምን ለማየት አውቶቡስ ትሳፈራለህ።»

አባይ ከጣና ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው ካርቱም የሚገባው፤ 1,400 ሜትር ቁልቁል ወርዶ። በክረምት የጎጃምን፣ የወሎን፣ የሸዋን አፈር ይጠርጋል። የህዳሴ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በተደረጉ ግምቶች በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ድንበር ይሻገር ነበር። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ዳርቻው ላይ ይቀር ነበር፤ የጅሬፍ ሰዎች ያንን ጭቃ እየቆረጡ፣ እያደረቁ፣ በምድጃ እየተኮሱ ጡብ ያወጡ ነበር። ካርቱም ስንቱን ቤቷን የሠራችው በዚያ ጡብ ነው። የቤት ናፍቆት ሲይዘኝ መዳፌን ጡቡ ላይ የማሳርፍበት ምክንያት ነበረኝ። ገበሬው ያለቀሰለት አፈር እንደሆነም አልረሳሁም፤ አንዱ ያጣውን ነው ሌላው የሚገነባበት።

አል ሞግራን፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ፣ ሄዶ ያየ ሰው ሌላም ያያል። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ ጎን ለጎን ሁለት ቀለም ሆነው ይፈስሳሉ፤ ቶሎ አይቀላቀሉም። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ነሐሴ ላይ የእኛው አባይ በጉልበት ይመጣና ነጩን መንገድ ይዘጋበት ነበር። ነጭ አባይ መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛ ነበር፤ ሐይቅ ይመስል ነበር። ከቪክቶሪያ ሐይቅ የመጣ እንግዳ የጣናን ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር!

«ከወንዙ ሲራቅስ? እዚያ ግመል ብቻ ነው የሚኖረው፤ እሷም ሻኛዋ ውስጥ ውሃ ስለቋጠረች።»

«ሻኛዋ ውስጥ ያለው ስብ ነው! ውሃ ቢሆንማ ስትሮጥ ይንቦጫረቅ ነበር።»

ግመል የምታሸንፈው በቁጠባ ነው። ቀን ላይ ሰውነቷ ከ34 ዲግሪ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሲሞቅ ዝም ትለዋለች፤ በላብ ውሃ አታባክንም፤ ሌሊት ትበርዳለች። የክብደቷን ሩብ ያህል ውሃ ብታጣም ትቋቋማለች፤ ሰው የዚያን ግማሽ ቢያጣ ይሞታል። ውሃ ስታገኝ በሩብ ሰዓት 100 ሊትር ትጠጣለች፤ ቀይ የደም ሕዋሶቿ ሞላላ ስለሆኑ ሳይፈነዱ ይለጠጣሉ። ኮርዶፋን ደግሞ ዛፉም ጋን ነው። ተበልዲ የሚሉትን ወፍራም ዛፍ ግንዱን ፈልፍለው የዝናብ ውሃ ይሞሉበታል፤ በበጋ ከዛፉ ይቀዳሉ። የፍሬው ጭማቂ፣ ጎንጎሌስ፣ ካርቱም ውስጥ ስንቴ አጥግቦኛል።

«በቃ፣ የቀረሽ ሰማዩን ማሞገስ ነው።»

እጄ ውስጥ ገባ! እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 አሪዞና ያሉ የሰማይ ተመልካቾች አንድ ድንጋይ ወደ ምድር ሲመጣ አዩ። ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 80 ቶን አካባቢ። ከሃያ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የት እንደሚወድቅ አሰሉ፤ ሰሜን ሱዳን፣ የኑብያ በረሃ። በማግስቱ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፈነዳ። ምድርን ከመምታቱ በፊት ሕዋ ላይ እያለ የታየ የመጀመሪያው ድንጋይ እሱ ነው። «ተቃጥሎ አልቋል» ያለ ብዙ ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓውያ ሻዳድ ግን ከሰማይ ድንጋይ ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ጋር ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው ወጡ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ጥቁር ጠጠር ከጥቁር ጠጠር እየለዩ፣ በረሃውን በእግር አበጠሩት። አገኙት! በኋላ ከ600 በላይ ስብርባሪ ተለቀመ። ስሙም አልማሃታ ሲታ ተባለ፣ «ስድስተኛው ጣቢያ»፤ በአካባቢው ካለ የባቡር ጣቢያ የተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በውስጡ ያለው ጥቃቅን አልማዝ ፕላኔት በሚያህል አካል ሆድ ውስጥ የተፈጠረ መሆኑን አመለከተ፤ ያ አካል ዛሬ የለም፣ ተሰባብሯል።

«የጠፋ ዓለም ስብርባሪ የካርቱም ተማሪ በእጁ ለቀመ። አንተ ከታክሲ ስትወርድ የወደቀብህን ሳንቲም እንኳ አታገኝም።»

አክስቴ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያለ ተረብ፣ «አሁንስ ምን ቀርቷል?» አለኝ።

ጦርነቱ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳም ሹር ዕለት ነው። እኛ ዶሮ እየገነጠልን ነበር። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ብዙም አይርቅም፤ አዞ፣ ኤሊ፣ እባብ፣ በቀቀን በሕይወት ነበሩበት። ሠራተኞቹ በተኩሱ ምክንያት ምግብና ውሃ ሊያደርሱላቸው አልቻሉም። ሰሜን ካርቱም፣ ባሕሪ ያለው የውሃ ማጣሪያም በዚያው ሰሞን ሥራ አቆመ፤ ሁለት አባይ በሚገናኝበት ከተማ ሰው ባልዲ ይዞ ውሃ ፍለጋ ዞረ። ይህን ስናገር ድምፄ ተያዘ፤ አልደበቅኩትም።

አክስቴ ሽምብራውን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው አዩት፤ በስሏል። በሰፌድ አቀረቡልን። ከዚያ «ያን ደጃፍሽ ያለውን ዚር ታዲያ ማን ይሞላዋል?» አሉኝ።

ከጅሬፍ በወጣንበት ጠዋት በርሜሉ ሥር የቀረችውን ውሃ በሙሉ ዚሩ ውስጥ ገልብጬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ኩባያውን ከላይ ደፍቼ ነው የሄድኩት።