ቲሸርቱ ለወጣቱ፣ ቁልፉ ለሽማግሌው

ክረምት ሲገባ ከጊንጪ እስከ ባኮ በነቀምት መንገድ የተደረደሩት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች በበጎ ፈቃድ ይጥለቀለቃሉ። የአቅመ ደካማ ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ለተማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ሁሉ ግርግር ወጣቱን መለየት ቀላል ነው፤ ቲሸርት ለብሶ ጭቃ የሚያቦካው እሱ ነው። ትልልቆቹም አይጠፉም፤ ንግግሩ የእነሱ ነው። የአምቦ ሰው ጋዝ ያለው ውሃ ሲከፈት እንዴት እንደሚፍለቀለቅ፣ ክዳኑ ተረስቶ ካደረም ምን እንደሚቀምስ ከማንም በላይ ያውቃል። የበጎ ፈቃድ ክበቦቻችን ፍላትም እንደዚያው ነው፤ መስቀል ሳያልፍ ችግኙን ፍየል ይረከበዋል፣ ቲሸርቱ ወለል መወልወያ ይሆናል፣ ወጣቱ ወደ ኮብልስቶኑ ዳር ይመለሳል። ያን ጊዜ «የዘንድሮ ልጅ ጽናት የለውም» ይባላል። እኔ ደግሞ የገንዘብ ሳጥን ቁልፍ ያልተሰጠው ሰው በምን ላይ ይጽና እላለሁ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም፤ እድር አለ። እድር ባነር አይሰቅልም፣ ሪባን አይቆርጥም፤ ግን ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም ሸኝቶ፣ ድንኳኑን አጥፎ ሥራውን ቀጥሏል። ያቆየው ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በተቀበረ ነበር። ደንብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ መዝገብ፣ ከሁሉ በላይ ቅጣት አለው፤ ለሠርግ ሁለት ሰዓት የሚዘገይ ሰው ለእድር ስብሰባ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ድስቱም ወንበሩም የራሱ ስለሆነ አባሉ ጥሎት አይሄድም። ቁልፍ በማስረከብ ረገድም፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ የተመሠረተው የበጎ አገልግሎት ማኅበር ሮታሪ ፕሬዚዳንቱን በየዓመቱ ይቀይራል፤ በ1968 ለወጣቶች ሮታራክትን ሲያቋቁምም መሪያቸውን ራሳቸው የሚመርጡበት ክለብ ነው የሰጣቸው። ቺካጎ ከራቀን ወደ ጌዶ በኩል እንውረድ፤ የሜጫ ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ ማዕከል ኦዳ ቢሲል እዚሁ ዞን ነው። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ያስረክባል፤ ወጣቱም እርከን በእርከን እየወጣ ኃላፊነትን ይለማመዳል። የእኛ የክበብ ሊቀመንበር ግን 8 ዓመት ሲሞላው «ገና ልምድ እየቀሰምኩ ነው» ይላል።

ቁልፉ ለወጣቶቹ ይሰጥ ሲባል «ገንዘቡን ይበሉታላ!» የሚል አይጠፋም። እስካሁን ገንዘብ የተበላባቸው ማኅበራት ገንዘብ ያዣቸው ሁሉ ጎረምሳ ነበር ወይ? ሽበት ኦዲተር ሆኖ አያውቅም። ለወጣቱም ለሽማግሌውም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሦስት ፈራሚ፣ በየወሩ በጉባኤ ፊት የሚነበብ ሒሳብ፣ መጀመሪያ ላይም ትንሽ ገንዘብ። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ «ወጣቱ የተቸገረው በሥራ ነው፣ ክበብ ምን ይሠራለታል?» እውነት ነው፣ ክበብ ፋብሪካ አይከፍትም፤ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚመረቀውንም ሁሉ አይቀጥርም። ነፃ ጉልበትን ሥራ ብሎ ሰይሞ ሪፖርት ማድረግም ነውር ነው። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የያዘ፣ በቆርቆሮ ዋጋ ከነጋዴ ጋር የተከራከረ፣ ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶችን አንድ አጀንዳ ላይ ያስማማ ልጅ ነገ ሱቅ ቢከፍትም ቢሮ ቢገባም ባዶ እጁን አይሄድም። ቀለም ሲቀባ የዋለው ግን ቀለም መቀባትን ብቻ ተምሯል፤ እሱንም ሙያተኛ መልሶ ይቀባዋል። «ታዲያ የሽማግሌ ምክር ይቅር?» ለሚሉም፣ ምክር ቁልፍ ሳይዙም ይመከራል።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ጥያቄዬ ቀላል ነው። የአንድ ቤት እድሳት ከነበጀቱ ለወጣቶቹ ይለቀቅ፤ ቤቱን ይምረጡ፣ ሚስማሩን ይግዙ፣ በጥቅምት ሒሳቡን ቆመው ያስረዱ። አርፍዶ የመጣን አባል በማዕረጉ ሳያፍሩ የመቅጣት ሥልጣንም ይጨመርላቸው። በመጀመሪያው ወር ከመዋጮው ይልቅ ከትልልቆቹ የሚሰበሰበው ቅጣት ቢበልጥ አይገርመኝም፤ ለሁለተኛ ቤት ቆርቆሮም ሳይተርፍ አይቀርም።