ፊልም ሳያዩ የመፍረድ ጥበብ

ስለ ፊልም አስተያየት መስጠት ያማረው ሰው ፊልሙን በማየት ከጀመረ ገና ከመነሻው ተሳስቷል። ካየው ሐሳቡ ይበተንበታል፤ እዚህ ጋ ይወዳል፣ እዚያ ጋ ይሰለቻል፣ መጨረሻው ላይ ያመነታል። ያመነታ ሰው ደግሞ ካፌ ውስጥ የሚሰማው የለም። የሠለጠነው አስተያየት ሰጪ ማስታወቂያውን ብቻ ያያል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሁለት ሰዓቱን ታሪክ በአሥር ደቂቃ የሚያወጋለትን ቪዲዮ ይሰማል፣ ከዚያም ማኪያቶው ሳይመጣ ፍርዱን ይሰጣል፤ «የመጀመሪያው ይሻላል።»

ይህች ዐረፍተ ነገር ክፍል ሁለት ላለው ፊልም ሁሉ ትሠራለች። በ«ጆውስ» የሚከራከር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረው የሻርክ ታሪክ በ1987 አራተኛው ፊልም ላይ ሲደርስ፣ ሻርኩ ቂም እንደቋጠረ ዘመድ ባሏ የሞተባትን ሴት እስከ ባሃማስ ይከተላታል። ማይክል ኬን በሌላ ፊልም ኦስካር ሲሸለም ሄዶ መቀበል ያልቻለው ይህንኑ ፊልም ሲሠራ ስለነበር ነው።

አስቸጋሪው «ጎድፋዘር» ነው። የ1974ቱ ሁለተኛ ክፍል የምርጥ ፊልም ኦስካርን የወሰደ የመጀመሪያው ተከታይ ፊልም ስለሆነ፣ ስሙ ከተነሣ ወሬውን ቶሎ ብሎ ወደ 1990ው ሦስተኛ ክፍል መጠምዘዝ ያስፈልጋል። እዚያ ጥፋተኛዋ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ የዳይሬክተሩ ልጅ ሶፊያ ኮፖላ። ዊኖና ራይደር ስትቀር በጥድፊያ የገባች የ18 ዓመት ልጅ እንደነበረች፣ ፊልሙም ለሰባት ኦስካር እንደታጨ፣ አባቷም በ2020 እንደገና ቆርጦና ቀጥሎ እንዳወጣው የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ካለ ወንበር መቀየር ነው።

የፖለቲካ ፊልም ግን ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። እዚህ ፊልሙን መክፈት ይፈቀዳል፤ ስልክ በእጅ እስካለ ድረስ። የዋተርጌትን ቅሌት ያጋለጡት ሁለት ጋዜጠኞች የሚታዩበትን የ1976ቱን «ኦል ዘ ፕሬዚደንትስ ሜን» እንውሰድ። ሮበርት ሬድፎርድ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስልክ ያወራል። ካሜራው ስድስት ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ፊቱ ይጠጋል። አንዱን መስመር አስጠብቆ ሌላውን ያነሣል፣ ወረቀት ላይ ይሞነጫጭራል፣ ወደ መጨረሻው ምላሱ ይሰናከልና የሚያናግረውን ሰው በሌላ ሰው ስም ይጠራዋል፤ አርሞ ይቀጥላል። የተዋናዩ ስሕተት ነው፤ ሳይቆረጥ ፊልሙ ውስጥ ቀርቷል። አስተያየት ሰጪው በእነዚህ ስድስት ደቂቃዎች ለሦስት ሰው መልእክት መመለስ አለበት። ከዚያ ቀና ይልና «ይሄ ሰውዬ አሁንም ስልክ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፍርዱም ከጥያቄው ጋር አብሮ ይመጣል፤ አክሽን የለውም።

ከፊልሙ መጀመሪያ የሚወጣውን ጽሑፍ መዝለልም አይረሳም። የኮስታ ጋቭራስ የ1969 ፊልም «ዜድ» ሲከፈት፣ ከእውነተኛ ሰዎችና ድርጊቶች ጋር መመሳሰሉ ሆን ተብሎ መሆኑን ይናገራል። መነሻው በ1963 ተሰሎንቄ ውስጥ የተገደለው የግሪክ ፖለቲከኛ ግሪጎሪስ ላምብራኪስ ነው፤ ግሪክ በወታደሮች እጅ ስለነበረች ፊልሙ የተቀረጸው አልጄሪያ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ብቻ ነው መጨረሻው ላይ «እንዲህ ያለ ነገር ፊልም ላይ እንጂ የት አለ!» ብሎ በሙሉ አፉ መናገር የሚችለው።

ኢትዮጵያ ያለችበት ፊልም ሲሆን ደግሞ ሥራው ይቀላል። ወይ «አገራችን አለችበት» ብሎ መውደድ ነው፣ ወይ «ስማችንን አጠፉ» ብሎ መቆጣት። ለሁለቱም ማየት አያስፈልግም። ለዚህ የሚመቸው የጆን ቦርማን የ1977 ፊልም ነው፤ የ«ኤክሶርሲስት» ክፍል ሁለት። ቦርማን ኢትዮጵያ መጥቶ ሊቀርጽ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቡርባንክ በሚገኘው ስቱዲዮ ተሠራች፤ ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። አንበጣን የሚመክተው ልጅ ኮኩሞ ይባላል፤ ከጎንደር እስከ ጅንካ ቢዞሩ የማይገኝ፣ በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ግን የታወቀ ስም። ልጁ አድጎ ጄምስ ኧርል ጆንስን ይሆናል፤ በአንድ ትዕይንት የአንበጣ ራስ የመሰለ ነገር ደፍቶ ይቀመጣል።

ለሬድፎርድ ፊልም የጋዜጣው ቢሮ የተሠራውም እዚያው ቡርባንክ ነበር። ነገሩ እውነት እንዲመስል የ«ዋሽንግተን ፖስት» ሰዎች የጣሉት ወረቀት በካርቶን ተጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዷል። ዓመት ቆይቶ ለኢትዮጵያዊው ልጅ አንድ የሐበሻ ስም የሚልክ ሰው አልተገኘም። ይህን ለማስተዋል ግን ሁለቱንም ፊልሞች ማየት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከላይ ተከልክሏል።

የቦርማን ፊልም ሲወጣ ተመልካች ሊፈራበት በሚገባው ቦታ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ደንግጦ ፊልሙ እየታየ ሳለ ቆራርጦ አስተካከለው፤ በዚህም የተነሣ ከአንድ በላይ ቅጂ አለ። አስተያየት ሰጪው የትኛውን እንዳየ የሚጠይቀው ነገረኛ ካጋጠመው መደናገጥ የለበትም። ማኪያቶውን አማስሎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «የመጀመሪያው ይሻላል» ማለት ነው።